አብሮ ማደግ ዝምድና አይደለም

«አብሮ አደጉ ናት፤ እህቱ ማለት ናት፤ እንዴት ተደርጎ ይወዳታል?» አላችሁ። ሰባት ቤት ቁጠሩ። በእናት ቁጠሩ፣ በአባት ቁጠሩ፣ ካልበቃችሁ ከቋራ እስከ ጭልጋ ያለውን አዛውንት ሁሉ ጠይቁ። ዘመድነት ካልተገኘ የኳስ ሜዳውን ስምንተኛ ቤት አድርጋችሁ አትጨምሩብን።

«ከሕፃንነቱ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ምኑ ብርቅ ሆነባት?» አላችሁ ደግሞ። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» የምትሉት እናንተው አይደላችሁም? ሰይጣኑን እንኳ ስላወቃችሁት ከመረጣችሁት፣ ይህ ልጅ ምን በደላችሁ? ሲሸነፍ ምን እንደሚሆን፣ ሲያሸንፍ ቀድሞ ወደ ማን እንደሚሮጥ፣ ዳኛ ሲበድለው ምን እንደሚናገር ከ8 ዓመቱ ጀምሮ አይታዋለች። የትኛው ሽማግሌ ነው ለሙሽራ ይህን ያህል አጣርቶ የሚያውቅ?

የምናገረው ስለ መተማ ዮሐንስ፣ ስለ ገንዳ ውኃ፣ ስለ ኮኪትና ስለ ሽንፋ ልጆች ነው። ባንድ ሜዳ አቧራ ለብሰው አድገው፣ አንድ ቀን ዓይን ለዓይን ሲተያዩ ሌላ ነገር ስላገኙት ልጆች። ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው፣ ሰው ሁሉ የሚያማቸው ናቸውና መልስ ሊሰጥላቸው ይገባል።

ሜዳውን የማታውቁት እንደሆነ ልንገራችሁ። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ሲሻገር፣ ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት ኳስ ይዞ የሚወጣ የለም። ፀሐይዋ ወደ ሱዳኗ ገላባት በኩል ዘንበል ስትል ልጆች ከየቤቱ ይፈልቃሉ። ግቡ ሁለት እንጨት ነው፤ አግዳሚ የለውም፤ ኳሷ ከፍ ብላ ባለፈች ቁጥር «ገብታለች፣ አልገባችም» ጭቅጭቅ ነው። ዋልካው በክረምት እግር ይውጣል፣ በበጋ ደግሞ ተሰነጣጥቆ የልጅ ቁርጭምጭሚት የሚያስገባ ይሆናል፤ እዚያ ላይ መሮጥ የቻለ የትም ይሮጣል። ከልጆቹ አንዷ ጄሪካኗን ዳር አስቀምጣ ትቆማለች። ኳስ ስትወጣ መትታ ትመልሳለች፤ አመታቷን ያዩታል። አንድ ቀን ሰው ይጎድላል፣ ትገባለች። ከአንዱ ልጅ ጋር አንድ ጥንድ ኮንጎ ጫማ ለሁለት ይካፈላሉ፤ ቀኙን እሱ፣ ግራውን እሷ፤ ግራኝ ናትና። ባዶ የቀረውን እግራቸውን ዋልካው ያቃጥለዋል፤ ግን ማንም አይወጣም።

እንግዲህ ይህን አይታችሁ «ኳስ ልጅ ያባልጋል» አላችሁ። ሙሉ ከተማ በሚያየው ሜዳ፣ በቀን፣ አሥር ወንድምና ሃያ ጎረቤት ቆሞ እያየ? ነውር የሚሠራ ሰው ጥላ ይፈልጋል፤ የመተማን ሜዳ የምታውቁት ከሆነ አንድ የጥላ ዛፍ የለውም። ብልግና የምትፈልጉ ከሆነ ሌላ ቦታ ላመልክታችሁ። በ14 ዓመቷ ካላየችው ሰው ቤት ሽማግሌ ሲላክባት፣ ደብተሯ ሳይዘጋ ጥሎሽ ሲቆጠርባት፣ ያኔ «ባለጌ» በሉ። በሕግ የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው። ልጆቹ ሕጉን ጠብቀው ኳስ ሲጫወቱ የሚቆጣ አባት፣ ሕጉን ጥሶ ሲድር ቁጣው የት ሄደ?

«ላቡ እየሸተታት ያደገች ልጅ ምኑን ትወደዋለች?» ያልሽኝ እትዬ፣ ሽቶውን አይተው የወደዱ ስንቶቹ በዓመታቸው እናታቸው ቤት ተመልሰዋል? ሽቶ በገንዘብ ይገዛል። ላቡን ያየች ግን ሰውየው ሲደክመው ጓደኛውን ጥሎ እንደሚቆም ወይም ይዞት እንደሚሮጥ ለይታ አውቃለች።

«እኛ ቆላ ነን፤ ስፖርት የደጋ ነው» የሚለውን ደግሞ በጥሞና ልመልሰው፤ ግማሹ እውነት ነውና። የሯጮቹ ከተማ በቆጂ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መተማ ዮሐንስ 700 አካባቢ ነው። ስስ አየር ያሳደገው ሳንባ ለረጅም ርቀት ሩጫ ይጠቅማል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን በቆጂን አየሩ ብቻ አላደረጋትም። ስንታየሁ እሸቱ የሚባል የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ልጆቹን ጠዋት ጠዋት ሰብስቦ አሠልጥኗል፤ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከእሱ ሥልጠና የወጡ ናቸው። አየሩን ከደጋ ማምጣት አይቻልም፤ እንደሱ ያለ መምህር ግን ቆላም ይበቅላል። ኳስ ደግሞ ከፍታ አትጠይቅም። ሊዮኔል ሜሲ ያደገባት ሮዛሪዮ በፓራና ወንዝ ዳር ያለች ዝቅተኛ ከተማ ናት፤ ከእኛ መተማ በብዙ መቶ ሜትር ታንሳለች። ከቆላም ቆላ ማለት ነው!

ሜሲን ካነሳሁ እናንተም ወንዶቹ ስሙ። የዲኤስቲቪ ቤት አግዳሚ የሚጣበባችሁ፣ 10 ቁጥር ማልያ የምትለብሱ፣ ለሜሲ የምትደባደቡ። ሰውየው ማንን አገባ? አንቶኔላ ሮኩዞን። ማን ናት? የልጅነት ጓደኛውና የቡድን አጋሩ የሉካስ ስካሊያ የአጎት ልጅ፤ ሰፈሩ ውስጥ እያያት ያደገች። በ13 ዓመቱ ባሕር ተሻግሮ ባርሴሎና ገባ። ስም አገኘ፣ ገንዘብ አገኘ፣ የዓለም ሴት አየችው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 2017 ሠርጉን የት ደገሰ? ሮዛሪዮ ተመልሶ! ማልያውን ለብሳችሁ ሥራውን ለምን ተዋችሁት? በ8 ዓመትህ ጫማ የተካፈልካት ልጅ ጓደኞችህ ፊት ሰላም ስትልህ «ማን ነበረች እሷ?» ትላለህ። ማን እንደሆነች ልንገርህ፤ አንተ ፍጹም ቅጣት ምት ስትስት ያልሳቀችብህ እሷ ብቻ ነበረች።

ሌላው ደግሞ ደረቱን ነፍቶ «አብሬያት አድጌያለሁ፤ የኔ ናት» ይላል። አብሮ ማደግ ቀብድ አይደለም! አብረሃት ያደግኸው ሁሉ ያንተ ከሆነ፣ የቡድኑ 11 ልጅ ያግባት? ጠይቃት። እምቢ ካለችህ እምቢ ነው፤ ነገም ሜዳ ላይ ኳስ ታቀብላታለህ። ጠለፋ የሚያስበው ካለ ደግሞ የ1996ቱን የወንጀል ሕግ ያንብብ፤ ጠልፎ ማግባት ከእስር አያድንም። የሚወዳት ሰው እሷ ራሷ ሮጣ እስክትመጣ ይታገሣል።

«ሁለት ስፖርተኛ ባንድ ቤት አይሆንም፤ ፍቅር የያዘው ብቃቱ ይወርዳል» ያለው አሠልጣኝ ነው መሰለኝ። ወንድሜ፣ ቁጠርልኝ። ቀኖቹን እንደ አውሮፓ እቆጥርልሃለሁ። ጥሩነሽ ዲባባ በ2008 ቤጂንግ ላይ 5,000 ሜትሩንም 10,000 ሜትሩንም አሸነፈች፤ ስለሺ ስህን በዚያው ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር የብር ሜዳልያ ወሰደ፤ ጥቅምት ላይ ተጋቡ። ከአራት ዓመት በኋላ ለንደን ላይ ባለትዳሯ ጥሩነሽ 10,000ውን ደግማ አሸነፈች። በ2015 ወንድ ልጅ ወለደች። በ2016 ሪዮ ላይ፣ እናት ሆና፣ ነሐስ ይዛ መጣች። ብቃት የወረደው የት ላይ ነው? ገዛኸኝ አበራ በ2000 ሲድኒ ላይ የማራቶን ወርቅ ያገኘ፣ በ2001 ኤድመንተን ላይ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ነው፤ የትዳር አጋሩ እልፍነሽ ዓለሙ በ2004 አቴንስ ማራቶን አራተኛ ወጥታለች። ከኛ በፊትም ቼኮቹ ኤሚልና ዳና ዛቶፔክ፣ ባልና ሚስት፣ በ1952 ሄልሲንኪ ላይ ባንድ ቀን ወርቅ አጥልቀዋል፤ እሱ በ5,000፣ እሷ በጦር ውርወራ። አንተ «ቤት ይፈርሳል» ስትል እነሱ ቤታቸውን በሜዳልያ ሞልተዋል።

«የስፖርተኛ ፍቅር እስከ ውድድሩ ነው» ላልከኝ ግን ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የምመልስልህ። ቀነኒሳ በቀለና ዓለም ጠጫሌ ሊጋቡ ቀን ቀጥረው ነበር። እሷም ሯጭ ናት፤ በ2003 ካናዳ ላይ የዓለም ወጣቶች የ1,500 ሜትር ሻምፒዮን። ጥር 4 ቀን 2005 አብረው ልምምድ እየሮጡ ሳለ ወደቀች፤ አልተነሣችም። ገና ለጋ ወጣት ነበረች። በመጋቢት ቀነኒሳ ፈረንሳይ ሴንት ኤቲየን ላይ በዓለም አገር አቋራጭ ቀረበ፤ አጭሩንም ረጅሙንም አሸነፈ። ያንን ጊዜ የምናስታውስ ሰዎች እሱ ሲሮጥ ማልቀሳችንን እናስታውሳለን። ሌላውን ተረብ፤ በዚህ ላይ ግን አትተርብ።

ወደ ቆላችን ልመለስ። የልጆቹን ፍቅር የሚያፈርሰው ኳስ አይደለም፤ የቀን መቁጠሪያው ነው። ጥቅምት ሲገባ ሰሊጥ ይደርሳል። ሰሊጥ አይጠብቅም፤ ፍሬው ሲደርቅ ቆቡ ይከፈትና መሬት ላይ ይረግፋል፤ ስለዚህ እጅ ያለው ሁሉ እርሻ ይወርዳል። ልጁም ይወርዳል። ሳምንታት ካምፕ ያድራል፤ ውኃ ከበርሜል ይጠጣል፤ ትንኙ ወባ፣ የአሸዋ ዝንቡ ካላዛር ይዞ ይጠብቀዋል። ገንዘቡን በሸሚዙ ቋጥሮ፣ ለእሷ አንድ ነገር ገዝቶ ኅዳር አልፎ ይመጣል። ጥር ደግሞ የሠርግ ወር ነው። እሱ ነዶ ሲያስር እናንተ ነገር አሰራችሁ፤ ተመልሶ ሲመጣ ዳስ ተጥሎ ያገኛል።

«ታዲያ ኳስ ተጫዋች ምን ያበላታል? ባለ ሰሊጡ ይሻላታል» አሉ አያ። አያ፣ ሰሊጡን ማን አጨደልዎ? ያው ልጅ አይደለም? ደግሞስ የሰሊጥ ዋጋ ሲወድቅ ሚስትየውን ሊመልሷት ነው? እሱ ዋጋ ሲወድቅ ጉልበቱ አለው፤ ጉልበቱ ሲደክም እሷ አለች። እሷስ ምን ጎደላት? ሎዛ አበራ ከዱራሜ ተነሥታ፣ በብሔራዊ ቡድን ማልያ ጎል አግብታ፣ ማልታ ድረስ ሄዳ ተጫውታለች። ዱራሜም ትንሽ ከተማ ናት። «ሴት ልጅ በእግሯ አትበላም» ያለ ሰው ለሎዛ ይንገራት።

«ጊዜው ክፉ ነው፤ አሁን የፍቅርና የኳስ ጊዜ ነው ወይ?» ያላችሁኝን አከብራለሁ፤ ሐሳባችሁ ከልብ ነውና። ማዶ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2023 ሚያዝያ ጦርነት ከተቀጣጠለ ወዲህ በመተማ በኩል ስንቱ ሻንጣውን ተሸክሞ ገባ። በዚያው ዓመት ክረምት የኛው ክልል በግጭት ታመሰ፤ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ መንገድ ተቆረጠ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የትምህርት ቤቶች ውድድርም ይቀራል፤ ከገንዳ ውኃ ቡድን ጋር ለመጫወት የኮኪት ልጅ መኪና ላይ ዘፍኖ የሚሄድበት ቀን ይቀራል። ግን እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ልጆቹ ሜዳው ላይ ካልሆኑ የት እንዲሆኑ ፈለጋችሁ? ኳስ የያዘ እጅ ሌላ ነገር አይዝም። ሊያያት የሚፈልጋት ልጅ ያለችው ወጣት ማታ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይህችን ያህል ሰበብ እንኳ አትንሷቸው።

«እሺ፤ ከተጋቡስ በኋላ ትጫወታለች ወይ?» አለች አንዷ፣ እንደማፈር ብላ። እቴ፣ ይህን ስትጠይቂ ዓይንሽ ሜዳው ላይ ነበር! አንቺም ትመቺ ነበር፤ ማን አስቆመሽ? ትጫወታለች። ስታረግዝ ትቀመጣለች፣ ስትወልድ ታርፋለች፣ ደስ ሲላት ትመለሳለች፤ ልጁን የሚይዘው ደግሞ አባቱ ነው። ተከላካይ ሆኖ ያደገ ሰው ሕፃን መያዝ አያቅተውም።

«ሽማግሌ ማን ይሂድላቸው?» ከሆነ የመጨረሻ ጥያቄያችሁ፣ አሠልጣኙ ይሂድ። ከእሱ በላይ ሁለቱን የሚያውቅ የለም፤ ማን ለማን እንደሚያቀብል አይቷል። «ጥሎሹስ?» አላችሁ። ቀሚሱ ይግባ፣ ወርቁ እንደ አቅም ይግባ፤ ግን በእሷ ቁጥር አንድ ጥንድ ታኬታ ይጨመርበት፤ ግራውም ቀኙም።