ንጉሡስ ተከሰሱ፤ ሰማዩ ቀረ

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ያሉት አበው ነገሌ ቦረናን አላዩም። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. የአራተኛ ብርጌድ ወታደሮች በዚህች ከተማ ሲያምፁ አንዱ መነሻቸው ውሃ ነበር። የወታደሩ ፓምፕ ተበላሸ፤ መኮንኖቹ ደግሞ ከእኛ ጉድጓድ አትቀዱም አሉ። ነገሩን ሊያበርዱ ከአዲስ አበባ የተላኩትን ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ወታደሮቹ ያዙና የሚበሉትን አበሏቸው፣ የሚጠጡትን አጠጧቸው። ከዚያ አገሩ ሁሉ ተከተለ፤ በስምንተኛው ወር ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። እንግዲህ ንጉሥ እንደሚከሰስ ነገሌ አስመስክራለች። ሰማዩ ግን ይኸው ከሃምሳ ዓመት በኋላም መጥሪያ የሚያደርስለት ጠፍቶ እንደልቡ ይኖራል።

እኔ ሰማይን የምከስበት ብዙ አለኝ። ተወልጄ ያደግሁት ቦሬ ነው፤ ጭጋግ ለብሶ የሚያረፍድ፣ ገብስና እንሰት የሚያበቅል ደጋ። ቦሬ ላይ ሰው ስለ ዝናብ የሚያወራው እንዲያባራ ሲለምን ብቻ ነበር። ጭቃው ጫማ ይውጣል፣ የታጠበ ጋቢ አይደርቅም፤ «ደግሞ መጣ!» እያልን ስናማርር አደግን። ኋላ ልጆቼ ለእንጀራ ብለው ወደ ነገሌ ወረዱ፤ እኔም ተከትዬ ወርጄ ከከተማው ወጣ ካለች ማሳ ላይ በቆሎ መዝራት ጀመርኩ። ያኔ ነው ሰማይ የቦሬውን ስድቤን አንድ ሳያስቀር መዝግቦ እንደያዘብኝ የገባኝ።

መጀመሪያ የወር አቆጣጠሩ ራሱ አይሠራም። በሬዲዮ «ክረምቱ ገብቷል፣ አርሶ አደሩ ዘር ላይ ነው» ሲባል እኔ ሐምሌ ላይ አቧራ አራግፋለሁ። የዚህ አገር ዓመት ሌላ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ዝናብ በቦረናዎች ዘንድ ገና ይባላል፤ የዓመቱን ዝናብ ከግማሽ በላይ የሚያመጣውም እሱ ነው። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር የሚጥለው ትንሹ ሀገያ ነው። በሁለቱ መሃል ቀዝቃዛው ደረቅ ወቅት አዶሌሳ፣ ከገና በፊት ደግሞ የሚያቃጥለው ቦና አለ። ስለዚህ እዚህ ገበሬ መሆን የሚፈልግ ሰው ትምህርት ቤት ያስተማሩትን ክረምትና በጋ ነገሌ መግቢያ ላይ አውርዶ ይግባ።

አውርጄ ገባሁ። ይሁን እንጂ ገናና ሀገያም ቃላቸውን አልጠበቁም። ከ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ጀምሮ እስከ 2015 ዓ.ም. ሀገያ ድረስ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከሸፉ። በቦረና ዞን ብቻ ከሦስት ሚሊዮን በላይ እንስሳት አለቁ። እዚህ ላይ ቀልዴን አቆማለሁ፤ ላሞቹን በስም የሚጠራ ሰው ሲቀብራቸው አይቻለሁና። መጋቢት 2015 ዝናብ መጣ፤ ተመስገን ብለን ሳንጨርስ በ2016 ጥቅምትና ኅዳር ጎርፍ ሆኖ ተመለሰ። የልጅ ልጄ ምክንያቱን ከስልኩ ያነብልኛል፦ «አባባ፣ ፓስፊክ ውቅያኖስ ሦስት ዓመት በተከታታይ ቀዝቅዞ ነበር፤ እሱ ሲቀዘቅዝ እኛ ዘንድ በተለይ ሀገያ ይሳሳል። ኋላ ሲሞቅና የህንድ ውቅያኖስም በእኛ በኩል ሲሞቅ ሀገያው ከልክ አለፈ።» እኔ የገናሌንና የዳዋን ወንዞች እንጂ ባሕር አይቼ አላውቅም። የማላውቀው ውሃ በረደው ብሎ በቆሎዬ መድረቁን የትኛው ሽምግልና ያየዋል?

የትንበያው ነገር ደግሞ ለብቻው ጉድ ነው። ጎረቤቴ የቦረና ሽማግሌ ነው፤ ዘመዶቹ ውስጥ አያንቱ አሉ፤ ጨረቃና ከዋክብትን አስተያይተው ቀኑን የሚቆጥሩ፣ ዘመኑ ምን እንደሚያመጣ የሚናገሩ። በወዲያ በኩል የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። እሱ ደግሞ ወቅቱን ለሦስት ይከፍለዋል፦ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። ለእያንዳንዱም በመቶኛ ዕድል ይሰጠዋል። «ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ 45 በመቶ» ቢባል በሬዬን ስንት በመቶ ልጥመደው? ግማሹን ጠምጄ ግማሹን ላሳርፈው? የልማት ጣቢያው ልጅ፣ ሁሉም ዲኤ የሚለው፣ ይህን ስጠይቀው ሳቀና «አባቴ፣ በሬውን አይክፈሉት፤ ማሳውን ይክፈሉት» አለኝ።

ልጁ ወጣት ነው፤ ጫማውም ለማሳ የሚሆን አይደለም። ነገሩ ግን ነገር ነው። ሰማዩ ሦስት አፍ ካለው ማሳውም ሦስት ሆድ ይኑረው።

ሂሳቡን እነሆ። የመጀመሪያው ሆድ የበቆሎ ነው። ለእርጥብ አገር የተሠራው ቢኤች 660 የተባለው በቆሎ ለመድረስ 160 ቀን ገደማ ይፈልጋል። የእኛ ገና ሳይሰስት ቢሰጥ 90 ቀን ነው። ዝናቡ ተሰናብቶ ሲሄድ ያ በቆሎ ገና ጸጉሩን እያበጠረ ይገኛል። ጸጉር በሚያወጣበት ሳምንት ውሃ ያጣ በቆሎ ደግሞ ቁመናው ያምራል እንጂ ቆረቆንዳው ባዶ ነው። ለዚህ ብለው የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ሰዎች ቶሎ የሚደርሱ አወጡ፦ መልካሳ 1 በ90 ቀን፣ መልካሳ 4 በ105 ቀን፣ መልካሳ 2 በ130 ቀን አካባቢ። መልካሳ 1 ምርቱ ያንሳል፤ ባለቤቴ «ይህ በቆሎ ነው ወይስ የበቆሎ ናሙና?» ብላ ስቃበታለች። ቢሆንም ሌላው ደርቆ ሲቀር ጎተራ የገባው እሱ ነበር፤ ናሙና የምትለውንም ቆልታ በልታለች።

ሁለተኛው ሆድ የማሽላ ነው። ማሽላ ትዕግሥተኛ ነው፤ ውሃ ሲያጣ ቅጠሉን ጠቅልሎ ይጠብቃል፣ ዝናብ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። በቆሎ ይህን አይችልም፤ አንዴ ካኮረፈ አኮረፈ። ነገር ግን የማሽላ ጠላት ከላይ ነው፦ ግሪሳ ወፍ። ድሮ ልጆች ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ያባርሩት ነበር። ዛሬ የልጅ ልጄን ማማ ላይ ብሰቅለው ወፉን ፎቶ አንስቶ ለጓደኞቹ ይልክልኛል። ወፉም የለመደው ይመስለኛል፤ ሲነሳ ዞር ብሎ ይበላል።

ሦስተኛው ሆድ ቦሎቄ ነው። በሦስት ወር ውስጥ ይደርሳል፤ በበቆሎው መስመር መሃል ቢገባም አይከፋውም፣ መሬቱንም ይሸፍናል። በቆሎው ቢከዳ ቦሎቄው ለወጥ ይቀራል።

መቼ እንደሚዘራ ግን ማንም ከማንም ጋር አይስማማም። የገና የመጀመሪያው ዝናብ አታላይ ነው። ሁለት ቀን አንጎድጉዶ ዘንቦ ሁለት ሳምንት ይጠፋል፤ የበቀለው ሁሉ ይቃጠላል፤ ዘር የገዛ ሰው ሁለተኛ ይገዛል፣ «ቢቸግር ጤፍ ብድር» ይላል ያገሬ ሰው። ጥንቃቄው አፈሩን ቆፍሮ ማየት ነው፤ ርጥበቱ ከስንዝር በታች ካልወረደ እጅን ከዘር ከረጢት ማራቅ። ሰማይን ሳይሆን መሬትን ጠይቁ፤ መሬት ቢያንስ አይዋሽም። ከዚያም በኋላ ማሳውን በአንድ ቀን ጨርሶ መዝራት አይገባም፤ ትንሽ ዛሬ፣ ትንሽ ከሳምንት በኋላ።

የመጣውን ውሃ ማስቀረት ሌላው ጣጣ ነው። እዚህ ዝናብ ሲመጣ ተቆጥቶ ይመጣል፤ ከሚሰርገው የሚፈሰው ይበልጣል፣ ሲሄድም አፈሬን ይዞ ወደ ገናሌ ይነጉዳል። መፍትሔው ትልሙን በየጥቂት እርምጃው በአፈር መዝጋት ነው፤ እያንዳንዱ የተዘጋ ትልም ትንሽ ኩሬ ይሆንና ውሃው ባለበት ይሰርጋል። በዶማ ሲሠራ ወገብ ይቆርጣል፤ ወገብ ያለው ግን ይሥራው። ይህን ሊያስተምሩን አዳራሽ ሰብስበው ለስላሳ አጠጡን፣ ኮፍያም አደሉን። እኔ ግን የምለው፣ የቦረና ጎረቤት ኮንሶ እያለ አዳራሽ ምን ያደርጋል? ኮንሶዎች ከ400 ዓመት በላይ ድንጋይ ደርድረው ተራራውን ደረጃ አድርገውታል፤ በደረጃው ላይ ማሽላው፣ ጥራጥሬው፣ ሽፈራው አንድ ላይ ይበቅላል። በ2003 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። እኛን በአውቶቡስ ጭነው እዚያ ቢያወርዱን ኮፍያው በቀረ ነበር።

ጎረቤቴ ሌላ ክስ አለው፤ እሱ የሚከሰው እኔን ነው። «ኦቦ፣ አንተ ያረስከው እኮ የላሜ የቦና ምሳ ነበር» ይለኛል። እውነቱን ነው። ውሃ የሚያቁረው ረባዳ መሬት በደረቁ ወራት የከብት መጠጊያ ነበር፤ አሁን አጥር ገባበት። ተጨቃጭቀን ተጨቃጭቀን የተስማማንበት ይህ ነው፦ በቆሎው ፍሬ እንደማይሰጥ ሲታወቅ ደርቆ እስኪሰበር አይጠበቅም። አረንጓዴ ሳለ ታጭዶ ለላሙ ይሰጣል፣ የተረፈውም ይደርቃል፤ እሱ በምላሹ ፍግ ይሰጠኛል። እህሉ ከከሸፈ ወተቱ ይቅር አይባልም። እኔም ሆንኩ እሱ ከዚህ የተሻለ መድን አላገኘንም። ከጠፈር ሆና ሳሩን አይታ ካሣ የምታስወስን ሳተላይት አለች ይላሉ፤ ግን ቁጥቋጦም ከላይ ሲታይ አረንጓዴ ነው፣ ላም ደግሞ እሾህ አትግጥም።

ተባዩንስ ልተወው? በ2009 ዓ.ም. ከአሜሪካ አህጉር የመጣው ተምች አገር ገባ፤ በቆሎውን ከመሃል ልቡ ይጀምርና ከበላ በኋላ የሚቀረው ቅጠል ወንፊት ነው። በ2012 የበረሃ አንበጣው መጣ። ከዚያ ድርቁ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ከተምች፣ ከአንበጣ፣ ከግሪሳና ከፓስፊክ ጋር በአንድ ጊዜ ስጣላ ማን አየልኝ?

ይህ ሁሉ ሆኖ እኔን አልጋ ላይ የሚያገላብጠኝ ሰማይ አይደለም። ሰማይ ሰማይ ነው። የሚያንገበግበኝ የዘሩ ነገር ነው። ዕውቀቱ አለ፤ ዲኤው ያውቀዋል፣ ምርምሩ ዘሩን አውጥቶታል፣ በ8028 ቢደወል በኦሮምኛም በአማርኛም ምክር ይሰጣል። ዝናቡ ግን መጋቢት ላይ ይመጣል፤ ምርጥ ዘሩ፣ ስም መጥራት ልማዴ አይደለም፣ በግንቦት ይመጣል። ሲጠየቅ መኪና አልተገኘም፣ ማህተሙ የሚያርፍበት ሰው ስብሰባ ሄደ፣ ኮታው ለሌላ ወረዳ ዞረ ይባላል። የ90 ቀን ዘር 60 ቀን ዘግይቶ ከመጣ መልካሳ የደከመበት ሁሉ ከንቱ ነው።

ስለዚህ እናንተ ፊርማና ማህተም የያዛችሁ ልጆቼ፣ ስሙኝ። ትንበያውን በክረምትና በበጋ ሳይሆን በገናና በሀገያ ንገሩን። አንድ ዓይነት ዘር በጅምላ አትጫኑብን፤ አጭሩንም ረጅሙንም፣ ማሽላውንም ቦሎቄውንም አምጡና እኛ እናከፋፍለዋለን። ከሁሉም በላይ ዘሩን የካቲት ሳያልቅ እጃችን ላይ አድርሱት። ሰማይን የሚከስ ፍርድ ቤት የለም፤ ለዘገየ ዘር ግን ተጠያቂ ሰው አለ። ግንቦት ላይ የሚደርስ ምርጥ ዘር ደግሞ መድኃኒት ተለውሶበታልና ለዶሮ እንኳ አይሰጥም።