መነሳቱንስ ተነሳ፤ ማን ያቁመው?

«ተነሳልኝ!» አለኝ በስልክ፣ ከሞተሩ ጩኸት በላይ እየጮኸ።

«እንኳን ተነሳልህ። ይቆማል?»

«እሱን ገና አላየሁትም።»

«ልጁስ የት ነው?»

«ላዩ ላይ!»

«አውርደው! አሁኑኑ አውርደው!»

አወረደው።

የምሠራው ቨርጂኒያ፣ ጋራዥ ውስጥ ነው። ብርዱ ለቀቅ ሲያደርግ የእኛ ሰፈር አባቶች ያገለገለ ባለአራት ጎማ የልጆች ሞተር በርካሽ ያገኛሉ። ቅዳሜ ይፈቱታል፤ እሑድ ማታ ይደውሉልኛል። ምላሴ ስለታም ነው ይሉኛል፤ ይሁን። የምለው ግን ሁሉም ከልቤ ነው።

«ከኋላው የተንጠለጠለ ገመድ ነበረው፤ ሞተሩን እያጠፋ ሲያስቸግረኝ ሽቦውን ቆረጥኩት» ይለኛል አንዱ።

ማስቸገር ነዋ ሥራው! ያ ገመድ የተሠራው አንተ ከኋላ እየተከተልክ እንድትይዘው፣ ልጁ ወደ አጥር ሲያመራ ጎትተህ ሞተሩን ቀጥ እንድታደርግ ነው። በእነዚህ ትናንሽ ሞተሮች ብዙዎቹ ላይ ማጥፊያው የሚሠራው አንዲት ሽቦ ከቦዲው ጋር ስትገናኝ የካንዴላው እሳት ስለሚቋረጥ ነው። ሽቦዋን ስትቆርጣት ሞተሩ ደስ ብሎት ይነሳል፤ ከዚያ በኋላ ማጥፊያውን ብትጫን ባትጫን ግድ የለውም። ብዙ ጊዜ መሪው ላይ ያለው ቀይ ማጥፊያም የዚያችው መስመር ጥገኛ ስለሆነ አብሮ ይሞታል። ችግሩ የነበረው የገመዱ መሰኪያ መዛጉ ነው። ማጽዳት ስትችል መቁረጥን ማን አስተማረህ?

የስልኩ ሰውዬ ጣጣ ደግሞ ሌላ ነው። ሞተሩ ክረምቱን ሙሉ ቤንዚን እንደያዘ ቆሞ፣ ቤንዚኑ ካርቦሬተሩ ውስጥ ሙጫ ሆኖ ቀዳዳዎቹን ደፍኗቸው ነበር። እሱ ፈታው፣ አጠበው፣ በቀጭን ሽቦ ወጋጋው፣ መልሶ ገጠመው። እስከዚህ ድረስ እጁ ይባረክ። ካርቦሬተሩ ውስጥ ግን ነዳጅ በተሰጠ ቁጥር ወደ ላይ የሚወጣ፣ ሲለቀቅ ወደ ታች የሚወርድ ድቡልቡል ስላይድ አለ። የስላይዱ ታችኛ ጠርዝ በአንድ በኩል ጎረድ ተደርጎ ተቆርጧል፤ የተቆረጠው ጎን ወደ አየር ማጣሪያው መዞር አለበት። ዞሮ ከገባ እስከ ታች አይወርድም። ያኔ ልጁ ነዳጅ መስጫውን በአውራ ጣቱ ገና ሳይነካው ሞተሩ ያለ የሌለ ጉልበቱን ይዞ ይነሳል።

«ሳልታገለው እኮ ነው የገባው!» አለኝ።

«ገባ ማለት ተገጠመ ማለት አይደለም።»

«ታዲያ በምን አውቃለሁ?»

ይሄን ሲጠይቀኝ ደስ አለኝ፤ ቀድሞ ቢጠይቅ ደግሞ የበለጠ። ካርቦሬተሩን ሞተሩ ላይ ሳታስር ነዳጅ መስጫውን ጫን፣ ልቀቅ። ስላይዱ ቀጭ ብሎ እስከ ታች ካልወረደ አትሰረው። ካሰርከው በኋላ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራም ወደ ቀኝም እያዞርክ ያንኑ ድገም። መሪው ሲዞር የነዳጅ መስጫው ገመድ ተወጥሮ ራሱ ነዳጅ የሚሰጥ ከሆነ ያለፈበት መንገድ ተሳስቷል፤ አውጥተህ እንደገና አሳልፈው። ከዚያ የኋላ ጎማዎቹን ከመሬት አንስተህ፣ ልጁን እናቱ ጋ ልከህ፣ ሞተሩን አስነሳ። ፍሬኑን ያዝ፤ ጎማው ይቆማል? ማጥፊያውን ጫን፤ ይጠፋል? የኋላውን ገመድ ጎትት፤ ይጠፋል? ሦስቱም «አዎ» ካላሉህ ልጁ እናቱ ጋ ይቆይ።

«ቤንዚኑንስ የት ደፋኸው?» ብዬ ስጠይቅ፣ «በሃይላንድ ቀድቼ ጥግ ላይ አስቀመጥኩት» ያለኝም አለ።

ልጅህ ሲጠማው ሃይላንዱ ውስጥ ያለው ውሃ ነው ብሎ ነው የሚያነሳው! አሮጌ ቤንዚን ከመጠጥ ዕቃ ጋር ምን አገናኘው? ለነዳጅ የተሠራ ጀሪካን በየሱቁ ሞልቷል። የብዙ ቤት ጋራዥ ውስጥ ደግሞ በጋዝ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ አለ። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለል ወለሉን ይሄዳል፤ ማሞቂያው ሥር ደግሞ እሳት አለ። ሰልባትዮውን ደጅ አውጥተህ አራግፈው። ሞተሩንም ጋራዥ ውስጥ አስነስተህ «በሩን ከፍቼዋለሁ» አትበለኝ። ጋራዥህ ወደ ሳሎን የሚከፈት በርም አለው፤ የሞተሩ ጭስ የትኛውን እንደሚመርጥ ማን ነገረህ? ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ሞተር የሚነሳው ደጅ ነው፤ በቃ።

«ጎማው ልፍስፍስ አለብኝ፤ እንደ መኪናዬ 35 ሞላሁት።»

የጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን አነበብከው? አብዛኞቹ ላይ ከ3 እስከ 5 ፒኤስአይ ነው የሚለው። ልፍስፍስነቱ ጉድጓዱን እንዲውጥለት ነው። በ35 ከሞላኸው መጀመሪያ ነገር ሊፈነዳብህ ይችላል፤ ካልፈነዳ ደግሞ ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር ልጁን ወደ ላይ ይወረውረዋል።

«ገጥሜ ስጨርስ ብሎን ተረፈኝ።»

ፋብሪካው ጉርሻ የጨመረልህ መሰለህ? ፍታው።

እነዚህን አባቶች አውቃቸዋለሁ። ሌሊቱን ሆቴል ፓርኪንግ ወይም ታክሲ ላይ የሚያድሩ፣ ልጃቸውን የሚያዩት ሲተኛ ወይም ሲነሳ የሆነ ሰዎች ናቸው። ያን ሞተር የገዙት ያላገኙትን ሰዓት ለመካስ ነው። እጃቸውም ሰነፍ አይደለም፤ በልጅነታችን ሽቦ አጥፈን፣ ቆርኪ ጎማ አድርገን መኪና ስንሠራ ያደግን ነን። ያ መኪና ግን ቢሰበር ሌላ ሽቦ እንለቅም ነበር። ይሄኛው ላይ ልጅ ይቀመጣል። ፍቅራቸውን ስለማውቅ ነው አፌን የማልሰበስበው።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጭራሽ አይንዳ ነው የሚለው። እኔ ከሐኪሞቹ ጋር አልከራከርም። እሺ፣ አልሰማችሁም፣ ገዛችሁ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የፌዴራል ሕግ ካስገደደ ወዲህ እያንዳንዱ ሞተር ለስንት ዓመት ልጅ እንደተሠራ ተለጥፎበታል። ለ6 ዓመት የተሠራው ፍጥነቱ በሰዓት ከ15 ማይል አያልፍም፤ ለ10 ዓመት የተሠራው እስከ 30 ማይል ይሄዳል። ያገለገለው ላይ ተለጣፊው ተልጦ ከሆነ ሻጩን ጠይቁ፤ ሞዴሉን ፈልጉ። አሁን በቀደም አንዱ 110 ሲሲ ገዝቶ መጣ። ልጁ 7 ዓመቱ ነው።

«ይሄማ ለእሱ አይሆንም» አልኩት።

«ያድግበታል።»

«ጫማ ነው እንዴ? ጫማ ሲሰፋ ከእግር ይወልቃል፤ ይሄ ሲሰፋ ልጁን ነው የሚያወልቀው።»

«ፍጥነቱን የምትገድብ ብሎን አለች አሉ።»

«አለች። ነዳጅ መስጫው ላይ ናት፤ በካቻቪቴ ትፈታለች። ካቻቪቴው የት እንደተቀመጠ ልጅህ ያውቃል?»

ትንሽ ዝም አለ። «ያውቃል።»

«እግሩስ መርገጫው ላይ ይደርሳል?»

«በጣቱ።»

«በጣቱ ፍሬን አይያዝም።»

«ገንዘቡን እኮ ከፍያለሁ፤ ምን ላድርገው?»

«ሽጠው። የሚገዛህን ሰው ደግሞ ልጁ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ሳትጠይቅ ቁልፉን እንዳትሰጠው።»