ሠርጉ ሥጋ ቤት ታየ

እንጀራዬን የምበላው የሠርግ ቪዲዮ እያቀናበርኩ ነው። ከሥራው የተማርኩትን ልንገራችሁ፤ እናቶች የልጃቸውን ሠርግ ሲያዩ ዓይናቸው ሙሽሮቹ ላይ ብዙ አይቆይም። ሙሽሮቹንማ ያውቋቸዋል። የሚፈልጉት ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ማን ከማን አጠገብ ተቀመጠ የሚለውን ነው። ካሜራው ድንኳኑን ከዳር እስከ ዳር ሲቃኝ፣ እኔ «ይሄ ረዘመ» ብዬ ለመቁረጥ እጄን የምሰነዝርበት ቦታ ላይ እነሱ «ቁም! መልሰው እስቲ!» ይላሉ። ከኋላ ረድፍ፣ ከምሰሶው ጎን፣ ፊቷ በግማሽ የተጋረደ አንዲት ዘመድ ትኖራለች። ያቺን ሴት በስልክ ስክሪን ማንም አይለያትም። እኔ እሷን የሚያሳይ ስክሪን ነው የፈለግሁት።

ስለዚህ ላፕቶፔ ባለ 17.3 ኢንች ነው፤ ከጥግ እስከ ጥግ 44 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከዱባይ በሰው እጅ ነው የመጣልኝ። የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት ነበር፤ ያኔም ቢሆን የዓመት የቤት ኪራዬን ጠርጎ ወስዷል። የሙያ ጓደኞቼ «በዚህ ብር ደህና ዴስክቶፕ ከነስክሪኑ ገዝተህ ይተርፍህ ነበር» ይሉኛል። እውነት ነው፤ በእኩል ዋጋ ዴስክቶፕ ይበልጥ ጉልበት አለው፣ ሆዱ ሰፊ ስለሆነ አየር ያገኛል፣ አንድ ነገር ቢበላሽ ያንኑ ለይቶ መቀየር ይቻላል። ግን እነሱ የሚያወሩት ጠረጴዛው የራሱ ስለሆነ ሰው ነው። እኔ ተከራይ ነኝ። አከራይ «ልጄ ከውጭ ሊመጣ ነው፣ ቤቱን እፈልገዋለሁ» ያሉ ዕለት ዕቃ ይጫናል። ሲስተም ዩኒት አይሱዙ ላይ ጭኖ በኮብልስቶን መንገድ የሄደ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ፤ ስክሪኑ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በሰላም ይደርሳል፣ ሲስተም ዩኒቱ ግን አዲሱ ቤት ሲደርስ አንድ ካርዱ ከቦታው ፈልቀቅ ብሎ አልነሣም ይላል። መብራትም አለ። ዴስክቶፕ ላይ ሬንደር እየሄደ መብራት ድርግም ሲል፣ ዩ ፒ ኤሱ እየጮኸ ለመዝጊያ የሚሆኑ ጥቂት ደቂቃዎች ይሰጥና እሱም ይተኛል።

አንድ ጓደኛዬ ላፕቶፑን ያየ ጊዜ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» አለኝ። ወይ ዴስክቶፕ ይሁን ወይ ላፕቶፕ ማለቱ ነው። እኔ ግን አንድ ዛፍ ነው የምወጣው፤ ጠረጴዛ ላይ፣ ሶኬት አጠገብ። ባትሪው ለመውረጃ ብቻ ነው። ሒሳቡን ላሳያችሁ። ቻርጀሩ 280 ዋት ይሰጣል፤ ክብደቱም መጠኑም የጡብ ነው። ባትሪው የሚይዘው 90 ዋት ሰዓት ነው። ማሽኑ ቻርጀሩ የሚሰጠውን ያህል ከባትሪው ልሳብ ቢል 20 ደቂቃም አይሞላ። ለዚህ ነው ከሶኬት ሲነቀል በራሱ ጊዜ ጉልበቱን የሚቀንሰው። «ታዲያ ለምን ትልቅ ባትሪ አያደርጉለትም?» ለሚል፣ ከ100 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ ባትሪ አውሮፕላን ውስጥ ያለ አየር መንገዱ ፈቃድ ስለማይገባ አምራቾቹ ከዚያች መስመር በታች ይቆማሉ። ከሽያጭ ሰው አፍ ይህ አይወጣም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። አንድ እሑድ ጠዋት የሙሽራዋ እናት ደወሉ። «ልጄ፣ ዘመዱ ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኛ ቤት ነው። ሳትጨርሰው በፊት ይዘኸው ናና እንየው፤ የሚታረም ካለ እንነግርሃለን።» ፍላሽ ላይ ጭኜ ልላክ ብል ቴሌቪዥናቸው ገና ያልተጠናቀቀ ሥራ አይከፍትም፤ ሊታረም ደግሞ ማሽኑ ራሱ ያስፈልጋል። ቤታቸው ሽሮ ሜዳ ነው፤ እኔ ጀሞ። ከተማዋን ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ማቋረጥ ማለት ነው። ላፕቶፑን ክዳኑን ገጥሜ፣ ቻርጀሩን ከጎኑ ሸጉጬ፣ መርካቶ ያገኘሁትን ሰፊ የጀርባ ሻንጣ ተሸክሜ ወጣሁ። 17.3 ኢንች የሚውጥ ሻንጣ ማግኘት ራሱ ሌላ ወግ ነው፤ ለሌላ ቀን ይቆየን።

ሜክሲኮ ላይ ወደ ፒያሳ የሚሄድ ሚኒባስ አገኘሁ፤ ከሹፌሩ ኋላ፣ የሞተሩ ሙቀት የሚመጣበት ወንበር ደረሰኝ። ሻንጣውን ጉልበቴ ላይ አቆምኩት፣ ጎኑ ግን የጎረቤቴ ጭን ላይ ደረሰ። ወያላው አየና «ይሄ ሒሳብ አለው» አለ። «ላፕቶፕ ነው» አልኩ። «ላፕቶፕማ አውቃለሁ፤ ይሄ የሰው ቦታ ይዟል።» አጠገቤ ያሉት እናት ደግሞ በአዘኔታ «ቴሌቪዥን ነው እንዴ ልጄ?» አሉ። የአንድ ሰው ሒሳብ ጨምሬ ከፈልኩ። ጭኔን ሞቅ፣ ሞቅ ይለኝ ነበር። ሞተሩ ነው አልኩ። ከፒያሳ በኋላ በተሳፈርኩበት ታክሲ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጬም ሙቀቱ አብሮኝ ነበር። ለካ ክዳኑ ሲገጠም የተኛው ማሽን ሻንጣው ውስጥ ነቅቶ፣ አየር በሌለበት ማራገቢያውን እያሽከረከረ ከጀሞ እስከ ሽሮ ሜዳ አብሮኝ ሲሠራ ነበር። እንዲህ ያሉ ማሽኖች ያላችሁ፣ መንገድ ስትወጡ አታስተኙት፤ ጨርሳችሁ አጥፉት።

ቤቱ በሰው ሞልቷል። ፈንዲሻ፣ ዳቦ፣ የቡና ዕጣን። አያት፣ አክስቶች፣ አንድ ሸምገል ያሉ አጎት፣ ወለል ላይ የተኮለኮሉ ሕፃናት። እናትየው መሀል ያለችውን ጠረጴዛ ለቀቅ አደረጉልኝ፤ ነጭ ዳንቴል ተነጥፎባታል፣ እሳቸው ራሳቸው የሠሩት። ላፕቶፑን ዳንቴሉ ላይ አኖርኩና በዓይኔ ሶኬት ፈለግሁ።

«መብራትማ ከጠዋት ጀምሮ የለም» አሉ እናትየው። «አንተ ላፕቶፕ ነው የምትይዘው ብለን እኮ ነው የጠራንህ።»

ከፈትኩት። ባትሪው 31 በመቶ ይላል። ቤት ውስጥ ሁልጊዜ ሶኬት ላይ ስለሚውል ባትሪው እንዳያብጥ 80 ላይ እንዲቆም አድርጌዋለሁ፤ የቀረውን መንገዱ በልቶታል። ቪዲዮውን አስነሣሁ። ስክሪኑ ሲበራ ቤቱ «እሰይ!» አለ፣ የደስታ ነበር። ድንኳኑ ታየ፣ ሚዜዎቹ ታዩ። ማራገቢያው ደግሞ መጮህ ጀመረ። አየር የሚስበው ከሆዱ በኩል ነው፤ ዳንቴሉን ወደ ላይ ስቦ ቀዳዳዎቹ ላይ ለጠፈው። ሽሮ ሜዳ የእንጦጦ ግርጌ ነው፤ አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ማራገቢያው ያንኑ ሙቀት ለማውጣት ይበልጥ መሽከርከር አለበት። አያትየው ድምፁን ለማሸነፍ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። እኔ በሁለት እጄ ላፕቶፑን ከፍ አድርጌ ያዝኩት፣ አክስትየዋ ዳንቴሉን ከሥሩ ሳቡ፣ ከቡናው ረከቦት ላይ አንድ ሲኒ ወደቀ።

ከዚያ ምርቃቱ ደረሰ። በቪዲዮው ውስጥ አያትየው ተነሥተው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ መዳፋቸውን ወደ ሙሽሮቹ ዘረጉ። ቤቱ ሁሉ ለአሜን አፉን ከፈተ። ስክሪኑ ጠፋ።

ጥቁሩ ስክሪን ላይ የሁላችንም ፊት ታየ። ትልቅ ስለሆነ ማንም አልቀረም፤ የኔ ከመሀል። ከሕፃናቱ አንዱ «ሞተ» አለ። እናቱ አፉን ያዘችው። አጎትየው ጠጋ ብለው ላፕቶፑን በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉና «ይሄን ሁሉ አካል ይዞ?» አሉ፤ ከዚያ ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው «ይቺ ሁለት ቀን ትቆያለች» ብለው ለሁሉም አሳዩ። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አሉ አያትየው፤ ክፋት አልነበረበትም፣ ነገሩን መግለጻቸው ነው። አንዲት ልጅ ፓወር ባንኳን ይዛልኝ መጣች። ለስልክ የተሠራ ስለሆነ የሚሰጠው ዋት ይህን ማሽን ከእንቅልፉ አይቀሰቅሰውም፤ ይህን እያወቅሁ ሰካሁት፣ ልጅቷ በተስፋ ታየኝ ነበርና። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ጠበቀ። እኔም አብሬ ጠበቅሁ። ማንም አልተቆጣም፤ ቡና ቀዱልኝ፣ «አይዞህ» አሉኝ፣ ይህ ነው ከሁሉ የከበደኝ።

መፍትሔው ከሙሽራዋ ወንድም መጣ። «ከታች ያለው ሥጋ ቤት ጀነሬተር አለው።» እናትየው ነጠላቸውን አጣፉና ተነሡ። እሳቸው ሲነሡ ቤቱ ተነሣ። እኔ ላፕቶፑን በደረቴ አቅፌ፣ ወንድምየው ቻርጀሩን፣ ልጆቹ ፈንዲሻውን ይዘው ቁልቁል ወረድን። አያትየው በሁለት ልጆች ተደግፈው ከኋላ ይመጣሉ። ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢሆን ሥጋ ቤቱ ዝግ ነበር፤ እሑድ ስለሆነ ግን ቁርጥ በአዋዜ የሚበላው ሰው እስከ በር ሞልቷል።

ባለቤቱ ነጭ ጋዋናቸውን እንደለበሱ ቢላዋቸውን አስቀመጡ። «ለሠርግ ከሆነማ!» አሉና ባንኮኒውን ከሚዛኑ አጠገብ በጨርቅ ጠረጉ። «ከሥጋው ራቅ አድርገው ልጄ» አሉ እናትየው፣ ለሥጋው ይሁን ለላፕቶፑ አልገባኝም። የዱባዩ ፕለግ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ነው፣ የኛ ሶኬት ክብ ቀዳዳ። አዳፕተሬ ልል ስለነበር ወንድምየው በእጁ ደግፎ ያዘው። ሰካን። ጀነሬተሩ ድምፁ ወረደ፣ አምፖሎቹ ደበዘዙ። የቢራው ፍሪጅ ሊነሣ ሲል የኔ ቻርጀርም ድርሻውን ጠየቀ። ባለቤቱ አላመነቱም፦ «ፍሪጁን ንቀሉት!» ቢራ የያዙት ሰዎች ጠርሙሳቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ፈቀዱ።

ቻርጀሩን እያየሁ ኦስቦርን 1 ትዝ አለኝ። 1981 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ተንቀሳቃሽ ተብሎ የተሸጠ ኮምፒውተር ነው። 11 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ስክሪኑ 5 ኢንች ብቻ፣ ባትሪ የሚባል ነገር ውስጡ የለም፤ ተሸክመህ ሄደህ ግድግዳ ትፈልጋለህ። በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኤሰር ባለ 21 ኢንች ስክሪን ላፕቶፕ ሸጦ ነበር፣ ክብደቱ ከ8 ኪሎ በላይ፣ በአንድ ቻርጀር የማይጠግብ፣ ሁለት የሚሰካለት። የኔው በስክሪኑ ከሁለቱ መሀል ነው። ከሁሉም በላይ ደስ የሚለኝ፣ ያን ያህል ሰው ዙሪያውን ቆሞ ማንም አንገቱን ሳያሰግግ ማየት መቻሉ ነው።

ምርቃቱን ከመጀመሪያው አስነሣሁት። አያትየው ራሳቸውን እያዩ በሹክሹክታ አብረው መረቁ። ሥጋ ቤቱ በሙሉ «አሜን» አለ፤ ቁርጥ በአፉ ያለውም ጭምር። ከዚያ በኋላ የሥራዬ ዳኛ ብዙ ሆነ። አንዱ «ያቺ ሚዜ ለምን ቶሎ ታለፈች?» አለ። ሌላው ኬኩ የሚቆረስበት ቦታ ላይ ያደረግሁትን ቀስታ አልወደደውም፤ «ኬክ እንደዚህ ቀስ ብሎ የሚቆረስበት አገር የለም» አለ፣ ልክ ነው፣ ፍጥነቱን እዚያው መለስኩት። ባለ ሥጋ ቤቱ ዘፈኑ ከጭፈራው እግር ጋር አይገጥምም አሉ። በቢላዋ ምቱን ባንኮኒው ላይ መቱልኝና አስተካከልኩ። ስልክ ላይ፣ ፍላሽ ላይ ይህ አይሆንም።

ካሜራው ድንኳኑን ሲቃኝ እናትየው «ቁም!» አሉ። ቆምኩ። ወደ ስክሪኑ ተጠጉ፣ ጣታቸውን ከምሰሶው አጠገብ አኖሩ። አንዲት ቢጫ ሻሽ ያሰረች ሴት ጎንበስ ብላ እንጀራ ትቆርሳለች። «መጥታ ነበር!» አሉ። «መጥታ ነበር እንዴ! እኔ እኮ ቀረች ብዬ ስንት ጊዜ ተቀይሜ…» ስልካቸውን አወጡና እዚያው፣ በጀነሬተሩ ጩኸት መሀል ደወሉላት። የምትለው አይሰማቸውም፣ እሳቸው ግን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይቅርታ ጠየቁ። ያን ቦታ በረጅሙ እንድተወው ነገሩኝ። ተውኩት።

የቤንዚኑን እኔ ልክፈል ብል ባለ ሥጋ ቤቱ እንቢ አሉ። እጃቸውን ታጥበው መጡና ላፕቶፑን ከአራቱም ጎን አዩት። «ካሴት ይውጣል?» የሳቸው ሠርግ በቪ ኤች ኤስ ነው የተቀረጸው፤ ካሴቱ አለ፣ ማጫወቻው ከተበላሸ ቆይቷል፣ ልጆቻቸው አላዩትም። «ጋሼ፣ ይሄ ሲዲ እንኳን አይውጥም» አልኳቸው። ቪ ኤች ኤስ የሚያጫውት ዕቃ የሚሠራው የመጨረሻው የታወቀ ፋብሪካ በ2016 እ.ኤ.አ. ሥራውን አቁሟል። የሚሠራ ማጫወቻ ግን ፒያሳ አንድ የማውቀው ሰው ጋ አለ፤ በገመድ ወደ ኮምፒውተር ገልብጦ ማጽዳት ይቻላል። ካሴት እያደር ሥዕሉ እየደበዘዘ ስለሚሄድ ደግሞ ባይዘገይ ይሻላል። ይህን ስነግራቸው ጋዋናቸውን አወለቁና ልጃቸውን «ቶሎ በል፣ ከቁም ሳጥኑ ላይ አምጣ» ብለው ወደ ቤት ላኩት። እስኪመጣ ድረስ ፍሪጁን መልሰን ሰካን።