የጎማን መጠን ለመወሰንና የፓራፋንጎን ክብር ለማስጠበቅ የወጣ አዋጅ

ስማ! ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 1997 የተመረተው አምስተኛው ትውልድ ሂሉክስ፣ ባለቤቱ ቢፈራረቅም ቀለሙ ቢለዋወጥም፣ ዛሬም ጤፍ፣ አሸዋና የሠርግ አጃቢ ሳይመርጥ እየጫነ በመገኘቱ፤

ባለቤቶቹ ግን በዚህ ሳይረኩ፣ «ትንሽ ከፍ ቢል ግርማ ይኖረዋል» በሚል ስሜት፣ ባሌስትራው ከፋብሪካ እንደወጣ ሳለ የትልቅ መኪና ጎማ ሊያስሩለት መነሳታቸው በተደጋጋሚ በመታየቱ፤

በየመታጠፊያው የሚሰማው የመፋተግ ድምፅ የሰፈርን ሰላም ማደፍረሱ በመረጋገጡ፤

እኛ ከሻንሲ በታች የምንኖር አካላት፣ ማለትም ባሌስትራ፣ አሞርዛተር፣ ፍሬን፣ ካምቢዮና ኩሽኔታ፣ ክቡር ፓራፋንጎን በሰብሳቢነት መርጠን የሚከተለውን አውጀናል።

አንቀጽ 1፤ አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የልክ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ጎሚስታ ቤት ውስጥ ግን ማንም አይጠቅሰውም።

አንቀጽ 2፤ ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ «ይገባል» ማለት መኪናው ባዶውን ቆሞ፣ መሪው ቀጥ ብሎ ሳለ ጎማው ምንም አለመንካቱ ነው። «ይሠራል» ማለት ደግሞ መሪው እስከ ጥግ ተጠምዝዞ፣ ጭነት ተጭኖ፣ አንዱ እግር ጉድጓድ ውስጥ ሲገባም አለመንካቱ ነው። ሻጭ የሚምለው በመጀመሪያው ነው።

አንቀጽ 3፤ ስሌት

225/75 አር 15 የሚል ጎማ ስፋቱ 225 ሚሊሜትር ነው፤ የጎኑ ከፍታ የስፋቱ 75 በመቶ ነው፤ ቸርኬው 15 ኢንች ነው። የላይና የታች ጎኑን ከቸርኬው ጋር የደመረ ሰው ቁመቱን 718 ሚሊሜትር ገደማ ያገኘዋል። ባለ 31 ኢንቹ በወረቀት 787፣ ባለ 33ቱ 838 ነው።

ስለዚህ ማንም ባለቤት 33 አስሮ «በ12 ሳንቲሜትር ከፍ አልኩ» ብሎ ቡና ላይ አያውራ። መኪናው የሚነሳው በግማሹ፣ በ6 ብቻ ነው። የቀረው 6 የሚሄደው ወደ ላይ፣ ወደ ፓራፋንጎ ነው። ክቡር ሰብሳቢያችን ይህን ሲሰሙ ለደቂቃዎች መናገር ተስኗቸው ነበር።

አንቀጽ 4፤ ስለ ሐሰተኛ መርፌ

የፍጥነት መለኪያ የሚቆጥረው ዙር እንጂ መንገድ አይደለም። 225/75 ለምዶ 31 የታሰረለት መኪና መርፌው 100 ሲል እሱ ወደ 110 ይሮጣል፤ 33 ከሆነ ወደ 117። ትራፊክ ያስቆመው ሾፌር «መርፌው ነው» ብሎ መማል መብቱ ነው፤ ቅጣቱን ግን መርፌው አይከፍልለትም። ኪሎሜትር ቆጣሪውም በዚያው ልክ ስለሚያሳንስ ዘይት የሚቀየረው ዘግይቶ ነው። (ደላሎች ይህን አንቀጽ በጭብጨባ ተቀብለውታል።)

አንቀጽ 5፤ የካምቢዮ አቤቱታ

ካምቢዮ እያለቀሰ ያቀረበው አቤቱታ ተነቧል። የዲፈረንሻሉ ቁጥር 4.10 የሆነ መኪና 33 ሲታሰርለት 3.5 እንደተገጠመለት ያህል ይከብደዋል። ተርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር ደግሞ እንጦጦ ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ አየሩ ራሱ ሳስቶበት ይቸገራል። በሦስተኛ ይወጣው የነበረውን ዳገት በሁለተኛ ሊወጣው ነው፤ አምስተኛ ማርሽ በክብር ጡረታ ይወጣል። ፍሬንም አቤት ብሏል፦ ጎማው ሲከብድና ሲረዝም ለማቆም የሚጠየቀው ጉልበት ይጨምራል፣ ሸራው ግን ያው የድሮው ነው። ኩሽኔታ በበኩሉ «እኔ እየጮኽኩ እናገራለሁ» ብሎ ተቀምጧል።

አንቀጽ 6፤ የተፈቀደው

1. 235/75 አር 15 ያለ ክርክር ተፈቅዷል። ቁመቱ የሚጨምረው 15 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ፓራፋንጎም አይቆጡም።

2. 31 ለፎር ዊል ብቻ፣ ያውም ቸርኬው ስፋቱን ከቻለ፣ በአንቀጽ 2 «ይሠራል» ከተባለ በኋላ ተፈቅዷል። ፋብሪካውም በሰሜን አሜሪካ አንዳንዱን በዚሁ ጎማ ሸጦታል። ከፎር ዊል ውጭ ያለው ዝቅ ብሎ ይኑር።

3. 33 ክልክል ነው። 12 ኢንች ተኩል የሚሰፋው ዓይነት ቢያንስ 8 ኢንች ተኩል ቸርኬ ይፈልጋል፤ ከዚያ ባሌስትራ ማስነሳት፣ ከዚያ ቆርቆሮ መቁረጥ፣ ከዚያ ከሚስት ጋር መነጋገር ይመጣል።

4. ስኮርታውም እኩል ይሁን። ከካሶኒው ሥር ያለው ቦታ የተሠራው ለድሮው ጎማ ስለሆነ፣ አዲሱ አልገባ ካለ ከላይ ከጤፉ ጋር ይሳፈር።

አንቀጽ 7፤ ስለ ቦሎ

ቦሎ በሚታደስበት ሰሞን የድሮውን ጎማ ከጎረቤት መዋስ ክልክል ነው። ይህን ስንጽፍ ማንንም አላሰብንም።

አንቀጽ 8፤ ስለ ዕድሜ

ርካሽ ትልቅ ጎማ ያገኘ ሰው ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አኃዞች ያንብብ። 2311 ማለት እ.ኤ.አ. የ2011 23ኛ ሳምንት እንጂ ዋጋ አይደለም። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ አሮጌ ነው፤ «ምንም አልሄደበትም» መባሉ አያድሰውም።

አንቀጽ 9፤ የተሻሩ ሕጎች

«በመዶሻ ትንሽ መታ መታ ቢደረግ ይገባል» የሚለው የጎሚስታ ልማዳዊ ሕግ በዚህ አዋጅ ተሽሯል።

አንቀጽ 10፤ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ በጎሚስታ ቤት በር ላይ ከተለጠፈበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል። በእጃችሁ ያሉ መዶሻዎች በ15 ቀናት ውስጥ ለሰብሳቢው ጽሕፈት ቤት ይመለሱ።