ለክቡር የፊት ቀኝ ካሊፐር፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ የያዙትን ስለመልቀቅ

ክቡር ካሊፐር ከፊት ቸርኬ ጀርባ ተቀምጠው፣ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ በሁለት ሸራዎች ጨብጠው መኪና የሚያቆሙ ባለሥልጣን ናቸው። ዘራቸው የቆየ ነው፤ እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ላንቸስተር የዲስክ ፍሬንን የፈጠራ መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1902 ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 ጃጓር በዲስክ ፍሬን የሌ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር አሸነፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1955 ደግሞ ሲትሮይን ዲ ኤስ የተባለውን መኪና ይህንኑ ፍሬን ከፊት ገጥሞ ለገበያ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ ሹመቱ ወደ ተራው ሰው መኪና ወረደ። ዛሬ በጎንደርና በደባርቅ መካከል የሚመላለሱት ሚኒባሶችና የቤት መኪኖች ፊት ላይ የተቀመጡት የእሳቸው ዘመዶች ናቸው። የኋላው ወንበር በብዙዎቹ ላይ እስካሁን በታምቡር እጅ ነው።

የሹመት ደብዳቤያቸው ሁለት ተግባር ይዘረዝራል፦ ፔዳል ሲረገጥ መያዝ፣ ፔዳል ሲለቀቅ መልቀቅ። ለመጀመሪያው ተግባር ሙሉ መሥሪያ ቤት ተቋቁሞላቸዋል። ፔዳል አለ፤ እግርን የሚያግዝ ሰርቮ አለ፤ ዘይቱን የሚገፋ ማስተር አለ፤ የብረትና የጎማ ቱቦ አለ፤ በመጨረሻም ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚለጥፍ ፒስተን አለ። ለሁለተኛው ተግባር የተመደበችው ሠራተኛ ግን አንዲት ጎሚኒ ናት። ይህች ቀለበት በፒስተኑ ዙሪያ ተጠምጥማ ትቀመጣለች። ዘይቱ ፒስተኑን ሲገፋው አብራው ትጎብጣለች፤ ግፊቱ ሲወርድ ቀና ትልና ፒስተኑን ይዛ ትመለሳለች። የምትመልሰው ርቀት ግማሽ ሚሊ ሜትር አይሞላም። ፒስተኑ በአንድ ወገን ብቻ በሆነበት ካሊፐር ላይ ሌላም ሁኔታ ይጨመራል፤ ክቡርነታቸው የውጭውን ሸራ ለመያዝም ሆነ ለመልቀቅ በሁለት ፒኖች ላይ ወዲያና ወዲህ መንሸራተት አለባቸው። ጎሚኒዋ ካልደረቀችና ፒኖቹ ካልዛጉ ሥልጣን በሰላም ይለቀቃል።

አለመልቀቃቸው የሚጀምረው ከልብስ ነው። ፒስተኑን ከአቧራ የሚከልለው የጎማ ሽፋን ይቀደዳል፤ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃና ውኃ በቀዳዳው ይገባሉ፤ ፒስተኑ ይዝግና ከጎሚኒዋ አቅም በላይ ይሆናል። ፒኖቹ ላይ የነበረው ግራሶ ሲደርቅ የክቡርነታቸው ገላ አንድ ቦታ ላይ ተቸንክሮ ይቀራል። የፍሬን ዘይትም ከአየር እርጥበት የመምጠጥ ጠባይ ስላለው ዓመታት ሲቆይ ዝገቱን ከውስጥ ያግዛል። የጎማው ቱቦ ደግሞ ከውጭ ደህና እየመሰለ ከውስጡ ያብጣል፤ እግር በኃይል የገፋውን ዘይት ያሳልፋል፣ ወደ ኋላ ሲመለስ ግን ይዘጋበታል። በመጨረሻም ጥፋቱ የአለቃ ሊሆን ይችላል፤ የፔዳሉ ዘንግ ትንሽ ልል ካልተተወለት ማስተሩ ዘይቱን መልሶ አይቀበልም።

በኢትዮጵያ ይህ ሕመም የሚበዛው የክቡርነታቸው የጡረታ ዕድሜ ስለሚራዘም ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉ መኪኖች ላይ የሚጣለውን ታክስ እስከ 500 በመቶ አደረሰው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና እንደ ቤተሰብ ርስት ይያዛል፤ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ይተላለፋል። አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው ፔዳሉን ረግጦ «ፍሬን ይይዛል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ «ይለቃል?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ብርቅ ነው።

ክቡርነታቸው የሚደበቁበት ምርጥ ምሽግ የወገራ ዳገት ነው። መንገዱ ከጎንደር ከ2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ በኮሶዬ በኩል ይወጣና አምባ ጊዮርጊስ ሲደርስ 3,000 ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል አየር በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር አቅሙ በዚያው ልክ ይቀንሳል። መኪናው ሲያቃስት ሾፌሩ መጀመሪያ አየሩን ይወቅሳል። ቀጥሎ ነዳጁን፣ ቀጥሎ ፍሪሲዮኑን ይጠረጥራል። ከሳሽም ተከሳሽም የማያውቀው ጎታች ግን ከቸርኬው ጀርባ ተቀምጦ ጉዞውን በሙሉ ሸራ ይበላል።

አምባ ጊዮርጊስ ከተማ ሲገባ ደግሞ ክቡርነታቸው ይወደሳሉ። ገብስ የጫኑ አህዮች መንገዱን ስለያዙት መኪናው ተዳፋት ላይ ይቆማል፤ ረዳቱም እንደ ልማዱ ድንጋይ አንስቶ ወደ ጎማው ይሮጣል። ማርሹ ነጻ ነው፤ የእጅ ፍሬኑ አልተሳበም፤ እግር ከፔዳሉ ላይ ተነስቷል፤ መኪናው ግን ንቅንቅ አይልም። ረዳቱ ድንጋዩን ይጥልና «ፍሬኑ አንደኛ ነው!» ይላል። ያልተረገጠ ፍሬን የያዘው መኪና ሊወቀስ ሲገባው ይመሰገናል። አህዮቹ እንኳ ጥቂት ቆይተው መንገዱን ይለቃሉ።

ምስጋናው ወደ ጎንደር ሲወረድ ያበቃል። 2 ቶን የሚመዝን መኪና 800 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት በሁለት ባለ20 ሊትር ጀሪካን የተሞላ ቀዝቃዛ ውኃን ለማፍላት ይበቃል። ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ከወረደ ከዚህ ብዙውን ሞተሩ ይሸከምለታል፤ ማርሹን ነጻ አድርጎ ከወረደ ግን ሙቀቱ በሙሉ ከፍሬኑ ላይ ነው። ቀድሞውንም የጋለው ካሊፐር ያንን ሲጨምር ዘይቱ ይፈላል። ዶት 3 የተባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ እስከ 205 ዲግሪ ድረስ ይታገሣል፤ 3.7 በመቶ ውኃ ከመጠጠ በኋላ ግን መለኪያው የሚጠብቅበት 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ዘይት ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ሲጫኑት ይታመቃል፤ ፔዳሉም እስከ ወለሉ ይሰምጣል። ጉዞውን ሁሉ አልለቅም ያለው ፍሬን መያዝ በሚፈለግበት ሰዓት አይይዝም።

ጥፋተኛውን መለየት አስቸጋሪ አይደለም። መኪናው ጥቂት ኪሎ ሜትር ፍሬን ሳይበዛበት ተነድቶ ሜዳ ላይ ይቆማል፤ እጅ ሳይነካ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቸርኬ ይጠጋል። አንዱ እንደ ምጣድ የሚፋጅ፣ ሌላው ለብ ያለ ከሆነ የሚፋጀው ተጠርጣሪ ነው። የተቃጠለ ሸራ ሽታና መሪው ወደ አንድ ወገን መሳቡ ተጨማሪ ምስክሮች ናቸው። ከዚያ መኪናው በክሪክ ይነሳል፤ ጎማው በእጅ ይዞራል። አልዞር ካለ የካሊፐሩ የአየር ማውጫ ጡት በቁልፍ ትንሽ ይላላል። ዘይት ፊን ብሎ ጎማው ከተፈታ ፒስተኑ ንጹሕ ነው፤ ዘይቱን የያዘው ቱቦው ወይም ማስተሩ ነው። የቱቦው የላይኛው ጫፍ ሲላላ ጎማው ከተፈታ ማስተሩ፣ ያኔም ካልተፈታ ቱቦው ይጠየቃል። ጡቱ ተላልቶም ጎማው ካልዞረ ክቡርነታቸው ራሳቸው ናቸው። ጎማው እየዞረ የሚያጉረመርም ከሆነ ግን ክሱ ወደ ኩሽኔታው ይዛወራል።

ፍርዱን የሚያጸናው የሸራዎቹ ሁኔታ ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ብሂል በዚህ ቤት ቃል በቃል ይሠራል፤ ክቡርነታቸው ጸጸት የለባቸውም። የውስጠኛው ሸራ ለብቻው ካለቀ አብዛኛውን ጊዜ ያልተመለሰው ፒስተኑ ነው። የውጭው ካለቀ ወይም ሸራው እንደ ሽብልቅ በአንድ ጫፍ ከሳሳ ፒኖቹ ይዘዋል።

ለዚህ ሕመም በመንገድ ዳር የሚታዘዙ መድኃኒቶች ከሕመሙ ይከፋሉ። አንደኛው በጋለ ዲስክ ላይ ውኃ መድፋት ነው፤ ዲስኩ ይጣመማል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። ሁለተኛው የፍሬን ዘይት ሲጎድል የሞተር ዘይት መጨመር ነው፤ ጎሚኒዎቹ ያብጡና እስከዚያ ድረስ ይለቁ የነበሩትም ካሊፐሮች አድማውን ይቀላቀላሉ። ሦስተኛው መዶሻ ነው፤ ክቡርነታቸው ሲመቱ ለጊዜው ይለቃሉ፣ ተግሣጹ ሲረሳ ተመልሰው ይይዛሉ። አራተኛውና ክፉው የአንዱን ጎማ የፍሬን መስመር ደፍኖ በሦስት ፍሬን መንዳት ነው፤ በቁልቁለት ድንገት ሲረገጥ መኪናው ፍሬን ወዳለበት ወገን ይጠመዘዛል።

ትክክለኛው አሠራር ግምገማ ሳይሆን ከወንበር ማንሳት ነው። ጎማው ይወልቃል፤ ሁለቱ ቡሎኖች ይፈታሉ፤ ክቡርነታቸው በቱቦው እንዳይንጠለጠሉ በሽቦ ይታሰራሉ። ሸራዎቹ ከወጡ በኋላ በፒስተኑ ፊት እንጨት ተደርጎ ፔዳሉ ቀስ ተብሎ ሲረገጥ፣ ሌላ ኃይል ያልነቀነቀው ፒስተን በራሱ ዘይት ተገፍቶ ይወጣል። ቱቦው የሚፈታው ከዚህ በኋላ ነው። አሮጌዋ ጎሚኒ ብረቱን በማይጭር ነገር ትነሳለች፤ በካቻቢቴ የተጫረ መቀመጫ ዘይት ያፈስሳል። ውስጡ በፍሬን ዘይት ወይም በአልኮል ይታጠባል፤ ቤንዚንና ናፍጣ ጎሚኒ ስለሚያበላሹ አይቀርቡም። ፒስተኑ ጎሚኒዋ በምትነካው ገጽ ላይ በዝገት ከተቦረቦረ ብርጭቆ ወረቀት አያድነውም፤ ይለወጣል። ጎሚኒዋና የአቧራ መከላከያው የሚገጠሙት አዲስ ሆነው፣ በንጹሕ የፍሬን ዘይት ረጥበው ነው።

ፒኖቹ ዝገታቸው ተጠርጎ በጣት እስኪንሸራተቱ ድረስ ይጸዳሉ፤ ከዚያም ሙቀት የሚችልና ጎማ የማያበላሽ የሲሊኮን ግራሶ ይቀባሉ። ተራው የኩሽኔታ ግራሶ እዚህ ቦታ የለውም። ሸራዎቹ በአንድ ወገን ብቻ አይለወጡም፤ ግራና ቀኙ እኩል እንዲይዝ በጥንድ ይገባሉ። የአሮጌ ሸራ ብናኝ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል በአፍ እፍ አይባልም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል።

የመጨረሻው ሥራ አየር ማውጣት ነው፤ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ መሪው ጋ ተቀምጦ ፔዳሉን ይረግጣል፤ ሌላው ከጎማው ሥር ሆኖ በጡቱ ላይ ቀጭን ቱቦ ይሰካና ጫፉን ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይነክራል። ከሥር «ያዝ!» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ፔዳሉ ተረግጦ ይቆያል፤ ጡቱ ይላላል፤ ዘይቱ አረፋ ይዞ ይወጣል። ጡቱ ከተጠበቀ በኋላ «ልቀቅ!» ይባላል። አረፋው እስኪጠፋ ያዝና ልቀቅ ይፈራረቃሉ፤ የማስተሩ ገንቦ እንዳይደርቅ ከታሸገ ቆርቆሮ የተከፈተ አዲስ ዘይት ይጨመርበታል። ፔዳሉን የረገጠው ሰው ጡቱ ሳይጠበቅ ቢለቅ አየር ይገባል፤ «ልቀቅ» ተብሎም ባይለቅ ሥራው ይቆማል። መላው የሹመት ደብዳቤ በእነዚህ ሁለት ቃላት ተጽፏል።

ጎማው ከተገጠመ በኋላ ፔዳሉ እስኪጠነክር ሳይነዱ ይረገጣል፤ መኪናው በመጀመሪያ ሜዳ ላይ፣ በዝግታ ይሞከራል። ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላ ሁለቱም ቸርኬዎች እኩል ለብ ካሉ፣ በመጠነኛ ተዳፋት ላይ ማርሹ ነጻ ሲደረግም መኪናው በራሱ መንሸራተት ከጀመረ ጥገናው አልቋል። ረዳቱም ድንጋዩን መልሶ ያነሳል።

ከሰላምታ ጋር
በወገራ ዳገት የሚመላለሱ አሮጌ መኪኖች

ግልባጭ፦
ለፍሬን ማስተር፣ የሰጡትን ዘይት መልሰው እንዲቀበሉ፤
ለጎማ ቱቦ፣ ሲሄድ ያሳለፉትን ሲመለስም እንዲያሳልፉ፤
ለፊት ግራ ካሊፐር፣ ሸራ በጥንድ እንደሚለወጥ እንዲያውቁት።