ዓሣ ወጡን ትቶ ማጣፈጫውን መዋጥ

እኛ የባሕር ዳር፣ የሹም አቦ ሰፈር ሽማግሌዎች ቦርጭ የተከበረበትን ዘመን አይተናል። ሰው ከሰው ሲገናኝ «ወፍረሃል፣ ተመችቶሃል!» መባባል ምርቃት ነበር። ባለፈው የልጅ ልጄን «ሞላ ብለሽ አማረብሽ» ብላት ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። በሦስተኛው ቀን አንድ ብልቃጥ እንክብል ይዛ ከች አለች።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ጋርሲኒያ ካምቦጂያ ይባላል፣ አባባ። ከፍራፍሬ የወጣ ነው፤ ያከሳል። ደግሞ የተፈጥሮ ነው፣ ምንም አያደርግም።»

የተፈጥሮ! የብርብራ ዛፍንስ ፋብሪካ ነው እንዴ የሚሠራው? የጣና ዓሣ አጥማጅ ፍሬውን ወቅጦ ውሃው ላይ ሲበትነው ዓሣው ሆዱን ወደ ሰማይ ገልብጦ ይንሳፈፋል።

የጎረቤታችንን የፋርማሲ ተማሪ ጠርቼ አስነበብኩት። ፍሬው ዱባ መሳይ፣ ኮምጣጣ፣ የህንድና የደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው አለኝ። የህንዷ ኬረላ ሰዎች ልጣጩን አድርቀው ምን ውስጥ ቢጨምሩት ጥሩ ነው? ዓሣ ወጥ ውስጥ! እነሱ ወጡ እንዲጣፍጥና ደጋግመው እንዲጎርሱ ይጨምሩታል፤ የእኔዋ ጉድ የጣና ዓሣ፣ ቆሮሶና አምባዛው፣ ደጇ ድረስ እየመጣላት፣ ላለመጉረስ ማጣፈጫውን ብቻ ትውጣለች።

ፍሬው ውስጥ ሃይድሮክሲሲትሪክ አሲድ የሚባል ነገር አለ፤ ምግብ ወደ ስብ እንዳይለወጥ ያግዳል ተብሎ ነው ገበያው የደራለት። አሜሪካኖች ግን 135 ወፍራም ሰዎችን ለ12 ሳምንት ፈትነው ውጤቱን በ1998 እ.ኤ.አ. አወጡ። ግማሹ ፍሬውን፣ ግማሹ ባዶ እንክብል ዋጠ፤ ሁሉም ምግብ እንዲቀንሱ ተደረገ። ሁለቱም ወገን ከሳ፤ ፍሬው ከባዶው አልበለጠም። ይባስ ብሎ ይህ ፍሬ ያለበትን ማክሻ ወስደው ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎች አሉ።

ድሮ ለመክሳት እንክብል ማን ይፈልግ ነበር? ባሕር ዳር እኮ የብስክሌት ከተማ ነበረች! እኛ ፔዳል ስንረግጥ ውለን ማታ ሆዳችን ከጀርባችን ይጣበቅ ነበር። ዛሬ ገበያ ለመድረስ ባጃጅ፣ ከባጃጅ ወርዶ ሱቅ ለመሻገር ሌላ ባጃጅ። ጾሙም ቢሆን በዓመት ከ180 ቀን በላይ አለልን፤ ግን በየዓይነቱን ለሁለት ሰው የሚበቃ አስቀርበን «ጾመኛ ነኝ» እንላለን። እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም፤ ሽሮዬ ላይ ዘይት አልሳሳም።

የልጅ ልጄ ግን እንክብሏን አንድ ወር ሙሉ ዋጠች። ከዚያ መንገድ ዳር ሚዛን ዘርግቶ ከተቀመጠው ልጅ ዘንድ ወሰድኳት። ወጣች፤ መርፌው የዱሮው ቦታ ላይ ቆመ።

ልጁ አየት አድርጎ፣ «እታለም፣ ጫማሽን አውልቂውና ድገሚው» አላት።

አወለቀች። አንድ ኪሎ ቀነሰች።

ያን ለታ ባጃጅ ከለከልኳት። በእግራችን ተመለስን፤ እኔ እያለከለክሁ፣ እሷ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ።