ለድንጋዩም ሽልማት ይሰጥ

በአሜሪካ በየዓመቱ በፀደይ ወር አንድ ሳምንት ለመንገድ ግንባታ ቦታ ደኅንነት ይሰጣል። ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ ይከበራል፤ ሰዉ ብርቱካናማ ይለብሳል፣ በአንዳንድ ግዛቶችም ተማሪዎች «ሠራተኛ ስታዩ ፍጥነት ቀንሱ» የሚል ፖስተር እየሳሉ ይወዳደራሉ። ይህ ሐሳብ ወደ ዋግ ኽምራ ቢመጣ ከልቤ ደጋፊ ነኝ። እንዲያውም ዘግይቷል። ኮን ገንዘብ ያስወጣል፤ አንጸባራቂ ሰሌዳም ያስወጣል፤ ባንዲራ ይዞ ፀሐይ ላይ የሚቆም ሰው ደመወዝ ይጠይቃል። ተማሪ ግን ደብተርና እስክሪብቶ ከተሸለመ ዓመቱን ሙሉ ሲያመሰግን ይኖራል።

ቅሬታዬ አንድ ብቻ ነው። ውድድሩ ለተማሪ ብቻ ከተከፈተ አድልዎ ይሆናል። ከሰቆጣ ወደ ኮረም፣ ወደ ቢልባላና ላሊበላ፣ ቁልቁልም ወደ ተከዜ በሚወስዱት መንገዶች ላይ በሙያው ያረጁ ነባር ዲዛይነሮች አሉና።

በአንደኝነት የማቀርበው ድንጋይን ነው። መንገድ ሲቆፈር ይደረደራል፤ መኪና ሲበላሽም ይደረደራል። ጨረቃ ካለች ዓይን ያየዋል፤ ከሌለች ጎማ ያገኘዋል። ከሌላው ምልክት ሁሉ የሚበልጠው በታማኝነቱ ነው። ግሬደሩና ሩሎው ሥራ ጨርሰው ሲሄዱ እሱ አይሄድም። የተበላሸው አይሱዙ ተጠግኖ ኮረም ገብቶ ሹፌሩ ምሳውን ሲበላ፣ ድንጋዩ ግን ኩርባው ላይ ሆኖ ቀጣዩን መኪና ይጠብቃል።

ሁለተኛው ተወዳዳሪ ቅጠል ነው። ከግራር ተሰብሮ አስፋልት ላይ ይጣላል፤ «ፊት ለፊት ችግር አለ» ማለት ነው። ንድፉ ግሩም ቢሆንም አንድ ጉድለት አለበት፤ የአበርገሌ ፍየል ትበላዋለች። በዓለም ላይ ምልክቱ የሚበላበት የመንገድ ሥራ ሌላ ስለመኖሩ አልሰማሁም።

ሦስተኛው በዱላ ጫፍ ላይ ቀይ ፌስታል አስሮ የሚያውለበልበው ጎረምሳ ነው። ሰደርያ የለውም፤ ቆብ የለውም። አንጸባራቂው ሰደርያና የራስ ቁሩ ለጉብኝት ቀን ተቀምጠዋል። ባለሥልጣን መጥቶ፣ ካሜራ ተደቅኖ፣ አንድም መኪና እንዳያልፍ መንገዱ በተዘጋበት ሰዓት ሁሉም ያብለጨልጫል። እንግዳው ሲመለስ ሰደርያው ወደ መጋዘን፣ ጎረምሳው ወደ ፌስታሉ ይመለሳል።

አራተኛውን አቧራን ልዩ ተሸላሚ ብናደርገው ደስ ይለኛል። ፍጥነት እንዲቀነስ የሚያስገድድ ምልክት እሱ ብቻ ነውና። ሹፌር የራሱን ኮፈን ማየት ሲያቅተው ያለ ፖስተር ይቀንሳል፤ ባይቀንስም ማን እንደገጨ አይታይም።

ተማሪዎቹ እንግዲህ ከእነዚህ ጋር ነው የሚወዳደሩት። ልምድስ ሳይኖራቸው ቀርቶ አይደለም። በየትምህርት ቤቱ የትራፊክ ደኅንነት ክበብ አለ፤ በየከተማውም ፊሽካ ነፍቶ፣ እጁን ዘርግቶ ሲኖትራክ የሚያስቆም የተማሪ ትራፊክ አይተናል። ሕዝቡ «ቀይ ሽብር» ብሎ ስም ያወጣለትን መኪና ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እጅ መተው ድፍረት ይጠይቃል፤ እኛ ደግሞ ድፍረት ጎድሎን አያውቅም። መፈክርም አልጎደለንም። «ከመቅረት መዘግየት ይሻላል» የሚለውን በየመንገዱ ዳር ስንተክል ኖረናል። ሹፌሩ አልሰማንም። ምክሩን ቃል በቃል የተቀበሉት የመንገድ ፕሮጀክቶቹ ራሳቸው ናቸው።

አሸናፊው ፖስተር የሚሰቀልበትንም አውቃለሁ፤ ቢሮ ግድግዳ ላይ ነው። ቢሮ ውስጥ የሚነዳ የለም። ተለዋጭ መንገዱ ላይ ግን ከነጭነቱ የሚወርድ አህያ አለ፣ ግመል አለ፣ ገበያ ውላ የምትመለስ እናት አለች፣ ደብተሩን አንግቶ በእግሩ የሚመጣ ያው ሠዓሊ ተማሪ አለ።

አሁን ሽሙጡን ትንሽ ልተወው። ግንባታ ሲካሄድ ትራፊክ እንዴት እንደሚስተናገድ የሚያዝዝ ሰነድ አገራችን አላጣችም። የመንገዶች አስተዳደር መደበኛ የግንባታ ዝርዝር ተለዋጭ መንገዱን፣ ምልክቱን፣ መከለያውን፣ ባንዲራ ያዡን ይጠይቃል። ሥራ ተቋራጩ በውሉ ፈርሟል፤ አማካሪ መሐንዲሱ ሊቆጣጠር ተቀጥሯል። ፖስተር ሳሉ የሚባሉት አሜሪካኖቹ ልጆችም የሚስሉት ኮኑ ከተደረደረ፣ መብራቱ ከበራ፣ በብዙ ግዛቶችም በሥራ ቦታ ላይ የፍጥነት ቅጣቱ በእጥፍ ከሆነ በኋላ ነው። እዚያ ሥዕሉ የሥራው ጌጥ ነው። እኛ ጋ ቢመጣ በሥራው ምትክ ይቀርባል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በኢትዮጵያ በዓመት ከ100 ሺህ ሰው 26.7 ያህሉ በመንገድ አደጋ እንደሚሞት ገምቷል፤ የዓለም አማካይ 18.2 ነበር። መኪናችን ከብዙው ዓለም ያነሰ፣ ለቅሷችን ግን የበዛ ነው።

ሰቆጣ ደግሞ ቃል ሲገባባት የኖረች ከተማ ናት። በ2007 ዓ.ም. በስሟ የተጠራው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. (2030 እ.ኤ.አ.) ለማጥፋት ተነሣ። የተባበሩት መንግሥታትም የመንገድ ሞትን በግማሽ ለመቀነስ ያስቀመጠው ቀነ ገደብ ያው 2030 እ.ኤ.አ. ነው። ሳይቀነጭር እንዲያድግ ቃል የተገባለት ልጅ ትምህርት ቤት ለመድረስ የተቆፈረውን መንገድ መሻገር አለበት። አንዱን ቃል ጠብቆ ሌላውን መርሳት ልጁን አሳድጎ ለሲኖትራክ ማቅረብ ነው።

ውድድሩ ግድ ይሁን ከተባለ ወንበሩን እንቀያይር። ተወዳዳሪዎቹ ተቋራጩ፣ አማካሪ መሐንዲሱ፣ የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱና ትራፊክ ፖሊሱ ይሁኑ። ዳኞቹ ተማሪዎቹ ይሁኑ። ፈተናው ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት፣ ቁልቁለት ላይ፣ ከሩቅ የሚታይ ምልክት ተክሎ መገኘት ነው። ለአሸናፊው ዋንጫ አያስፈልግም፤ የሠራበትን ክፍያ ይውሰድ። ለተሸናፊው ግን፣ የክፍያ ሰርተፍኬት የምታጸድቁ ሆይ፣ ምልክቱ ቆሞ ሳታዩ አትፈርሙ።